ክብር ለአንድ ሌሊት ስንት ይከራያል?

ሰው በገበያ የሚታለለው ብዙ ጊዜ ሒሳብ ባለማወቁ አይደለም፤ ሒሳቡን ለመጠየቅ በማፈሩ ነው። እኔ 35 ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሆኖም በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራውን ማባዛት ሳልሠራ ቀርቻለሁ። ይህን የምጽፈው እናንት ወጣቶች ነገ ገንዘብ ስትይዙ በዚያው ጠረጴዛ ፊት መቆማችሁ አይቀርምና፣ የእኔ ኀፍረት ለእናንተ ትምህርት ይሆን ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ወንድ ልጃችንን ለመዳር ከባለቤቴ ጋር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጣን። በውጭ አገር የምትኖረው ሴት ልጃችን በአንድ ትልቅ ሆቴል የሦስት ሌሊት መኝታ ከነቁርሱ ከፍላልን ነበር። የሙሽራዪቱ አባት አክብሮን እስከ ሆቴሉ ድረስ አብሮን መጣ። በመቀበያው ያለው ወጣት መዝገቡን ከተመለከተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ በሌሊት 60 ዶላር ብቻ ቢጨምሩ ወደ ክለብ ፎቅ እናወጣዎታለን፤ የክብር እንግዶች የሚያርፉት እዚያ ነው» አለኝ። እኔም ወጣቱን ሳይሆን አጠገቤ የቆመውን አማቻችንን በዐይኔ ጠርዝ አየሁት። «አይሆንም ብል ምን ይለኛል?» ብዬ አሰብሁ። ከዚያም «ይሁን» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም።

ክለብ ፎቅ ማለት ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ላስረዳ። በብዙ አገር ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ከላይኞቹ ፎቆች አንዱን ወይም ሁለቱን ለይተው፣ በዚያ ለሚያርፉ እንግዶች ብቻ የሚከፈት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ያዘጋጃሉ። በአዳራሹ ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ሻይና ኬክ፣ ማታ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያህል መጠጥና ቀለል ያለ ምግብ ይቀርባል። መኝታ ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ ከታችኛው ፎቅ የማይለይ ነው፤ አልጋው ያው አልጋ፣ መታጠቢያውም ያው መታጠቢያ ነው። እንግዲህ በተጨማሪው ገንዘብ የሚሸጠው የአዳራሹ በርና በገበታው ላይ ያለው ምግብ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ወጣቱ 60 ዶላር ሲለኝ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚደመርበት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። 60 ላይ አገልግሎቱ ሲጨመር 66 ሆነ፤ በ66 ላይ ታክሱ ሲታሰብ 75 ዶላር ከ90 ሳንቲም ወጣ። ይህ በሦስት ሌሊት ሲባዛ 227 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። በብር ሲመነዘር ከአራት ወር ጡረታዬ ይበልጣል። የከፈልሁትም የቤታችንን የዛገ ቆርቆሮ ለመለወጥ ካጠራቀምነው ገንዘብ ላይ ነው።

በምላሹ ምን አገኘን? ቁርሱ ቀድሞውኑ የተከፈለ ነበር፤ ስለዚህ የራሳችንን ቁርስ ሁለተኛ ገዛነው። ዓርብ ማታ ገበታው ሥጋና አይብ ነበር፤ ባለቤቴ ጾመኛ ናት፣ እኔም መጠጥ አልቀምስም። ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት ከሠርጉ ቤት ነበርን። ሁሉም ተደምሮ አምስት ስኒ ሻይና አንድ ሳህን ኦቾሎኒ ሆነ። ባለቤቴ ሒሳቡን ስትሰማ «አንተ ሰው፣ ጣራችንን እኮ ጠጣነው!» አለችኝ።

ይህ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳት ነው፤ ገንዘብ ይተካል። ያልተተካልኝ የሐሙስ ማታው ነው።

በዚያ ማታ ታላቅ እኅቴ ለሠርጉ ከገጠር መጥታ ልትጠይቀን ወደ ሆቴሉ ዘለቀች። ይህች እኅቴ እኔን ሚስዮን ትምህርት ቤት ለማስገባት ቅቤ ሸጣ ደብተር የገዛችልኝ ናት። «ነዪ፣ ከላይ የክብር እንግዶች ካሉበት ላስቀምጥሽ» ብዬ በኩራት ይዣት ወጣሁ። ከበሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ መዝገቧን አይታ «ይቅርታ አባባ፣ የተከፈለው ለሁለት ሰው ነው፤ ሌላ እንግዳ ማስገባት አልተፈቀደልንም» አለች። ልጅቱ አልበደለችም፤ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው። እኅቴም ነጠላዋን አስተካክላ «ግድ የለም ወንድሜ፣ እኔ ታች እሆናለሁ» ብላ ተመለሰች። ተከትያት ወረድሁና ከታችኛው አዳራሽ ማንም እንደሚገዛው ቡና ገዝተን ጠጣን። በዚያች ሰዓት የገዛሁት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ በሌሊት 75 ዶላር ከ90 ሳንቲም እየከፈልሁ የገዛሁት እኅቴ የማትገባበትን በር ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ በሰውና በሰው መካከል የመቀመጫ ልዩነት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ አጋፋሪው እያንዳንዱን እንደ ማዕርጉ ያስቀምጠው ነበር። ያም ሥርዓት አድልዎ ነበረበት፤ አልክደውም። ነገር ግን ከንጉሡ አጠገብ ያለው ስፍራ በገበያ ዋጋ አልተቈረጠለትም። የውጭውንም ብናይ እንዲሁ ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ አድሚራልስ ክለብ የተባለውን የእንግዳ ማረፊያ ሲከፍት፣ የሚገባው ኩባንያው መርጦ የጋበዘው ሰው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ አባል ይሆን ጀመር። ሁሉም የሚገዛው ከሆነ ወንበር ነው እንጂ ምኑ ክብር ነው? ስሙ ብቻ ክብር ሆኖ ቀረ፤ ዋጋው ግን እንደ ክብር ይጠየቃል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። የሆቴል ክብርም የሰው ወርቅ ነው። ከእንግዳው ጋር አይሄድም፤ በመውጫው ቀን የበሩ ካርድ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ክብር የሚባለው ሰው ስምህን አንሥቶ በሌለህበት የሚናገረው ነው፤ ያ ደግሞ በሌሊት አይከራይም።

አንዳንዱ «ይህ ሽማግሌ ያላገኘውን ነገር ይነቅፋል» ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን አግኝቼው፣ ከፍዬበትም ነው የምነቅፈው። ሌላው ደግሞ «ሰው በገንዘቡ ቢደሰት ምን አገባህ?» ይላል። ደስታውን አልጠላሁበትም። የምጠላው ደስታ መስሎ የሚመጣውን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከክፉ ሥራ ሲከለክለን መልካም ጠባቂ ነው፤ ኪሳችንን ሲከፍት ግን ሌባ ነው።

ደግሞም ፍርድ ላጓድል አልፈልግም፤ ክለብ ፎቅ ዋጋውን የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዘው ቁርስ ባልተከፈለበት ክፍል ቢያርፉ፣ ታችም ቁርሱ ለአንድ ሰው 15 ዶላር ነው እንበል፣ ለአራቱ 60 ዶላር ይሆናል። የክለቡ ዋጋ ከነታክሱ 75 ዶላር ከ90 ሳንቲም ቢሆን፣ አራቱንም የሚቀበል ከሆነና ማታም የሚያበላቸው ከሆነ፣ ቢከፍሉ ብልሆች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በጸጥታ ሲጽፍና ሰው ሲያነጋግር የሚውል ነጋዴም እንዲሁ ነው። ያው በር፣ ያው ገበታ፣ ለአንዱ ትርፍ ለሌላው ኪሳራ ነው። ልዩነቱ በሆቴሉ ሳይሆን በእንግዳው ኑሮ ላይ ነው።

ስለዚህ «ይሁን» ከማለታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ዋጋው ከአገልግሎትና ከታክስ ጋር ተደምሮ፣ በሌሊቱ ቍጥር ተባዝቶ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከሚሰጠኝ ነገር ቀድሞ የከፈልሁበት አለን? ሦስተኛ፣ ገበታው በሚቀርብበት ሰዓት እኔ የት ነኝ? አራተኛ፣ ከእኔ ጋር ማን ይገባል? ከዚያም ያለ ክለቡ በገዛ ገንዘባችሁ ትገዙት የነበረውን ብቻ ደምሩ። የማልጠጣው ወይን ጠጅ በሆቴሉ መዝገብ 10 ዶላር ቢባል ለእኔ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ በስንት ቢባዛ ዜሮ ነው።

ድምሩ ከዋጋው ከበለጠ ሳታፍሩ ክፈሉ። ካነሰ ግን ሳታፍሩ «አይ፣ አመሰግናለሁ» በሉ። ይህን ቃል ጮክ ብሎ ለመናገር እኔ 60 ዓመት አልፎኛል፤ እናንተ በ20 ዓመታችሁ ልመዱት።

አማቻችንን በኋላ ስለዚያ ቀን ጠየቅሁት። ወጣቱ ያለኝንም እኔ የመለስሁትንም አላስተዋለም ነበር፤ በዚያች ሰዓት የድንኳኑን ኪራይ ከየት እንደሚከፍል እያሰበ ነበር አለኝ።