ከቀበቶ በታች

ላስ ቬጋስ ላይ ቅዳሜ ማታ የሚደረግ የቦክስ ፍልሚያ ሙስካት ላለ ተመልካች እሑድ ጠዋት ነው። እሑድ ደግሞ በኦማን የሥራ ቀን ነው። ሥራ የሚረፍድበት ደጋፊ ቢያንስ ንጹሕ ጨዋታ ማየት ይገባዋል።

ነሐሴ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ላይ ሜክሲኳዊው አብነር ማሬስ ከጋናዊው ሻምፒዮን ከጆሴፍ አግቤኮ ጋር ለዓለም አቀፉ የቦክስ ፌዴሬሽን (አይቢኤፍ) የባንታም ሚዛን ቀበቶ ተፋልሞ ነበር። ማሬስ ከቀበቶ በታች ደጋግሞ መታ። የመሐል ዳኛው ራስል ሞራ አስጠነቀቁ፣ እንደገና አስጠነቀቁ፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀነሱም። በ11ኛው ዙር የማሬስ ቡጢ አግቤኮን በግልጽ ከቀበቶው በታች አገኘው። በሕጉ እስከ 5 ደቂቃ ማረፍ ሲገባው፣ ዳኛው በቡጢ እንደወደቀ ይቆጥሩበት ጀመር! በነጥብ ሁለቱ ዳኞች 115 ለ 111 ለማሬስ ሰጡ፤ ሦስተኛው 113 ለ 113 አቻ አለ።

ማሬስን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ዋጋ የማያስከፍል ጥፋት ይደገማል። በአንጻሩ በ1997 እ.ኤ.አ. የመሐል ዳኛው ሚልስ ሌን፣ ቦክሰኛው ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ ሲነክስ 2 ነጥብ ቀንሰው፣ ሲደግመው ከውድድሩ አሰናብተውታል።

አይቢኤፍ የመልስ ግጥሚያ አዘዘ፤ ኅዳር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ማሬስ በሦስቱም ዳኞች 118 ለ 110 አሸነፈ። የተሻለው ቦክሰኛ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያም ቢሆን የነሐሴውን ዳኝነት አያነጻውም፤ ስለዚህ አወዛጋቢ ምት በዙሮች መካከል በምስል ይታይ።