ከክረምት የወጣ ሞተር ሳይክል

እንደ አገሩ አቆጣጠር ክረምቱ የሚወጣው መስከረም 25 ነው። በማግስቱ መፀው ይገባል፤ ከእስቴ ወረዳዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደውም መንገድ መድረቅ ይጀምራል። የግብርና ባለሙያው ሞተር ሳይክል ግን የክረምቱን ጭቃ እንደተሸከመ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ክበባት አባላት ብርዱ ሲያልፍ ተሰባስበው ንብረታቸውን ይፈትሻሉ። ይህ ልማድ ለእስቴም ይበጃል።

በገጠር ሥራ ስሙ የታወቀውን ያማሃ ኤጂ 100 እንውሰድ። ለእርሻ ቦታ የተሠራ ስለሆነ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ተዘግቷል። ጭቃ አይደፍረውም፤ ነገር ግን ዓይን ስለማያየው ይረሳል። ሽፋኑ ተከፍቶ ካቴናው ይጠረግ፣ ዘይት ይቀባ፣ ልልነቱም ይስተካከል። የአየር ማጣሪያውም ይጽዳ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡረተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል።

ፍሬኑማ ለነገ የሚባል አይደለም!

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ የጥገና ቀን ይመድቡ። የከተማዋ ወጣት መካኒኮች ሥራ ያገኛሉ፤ ባለሙያውም ለአጨዳ ወቅት ገበሬው ማሳ ላይ ይደርሳል።