ጉድጓዱን አስቆፈርን፤ ፓምፑንስ ማን ይጠግነው?

ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ውኃ ነበር። ሐይቁ ለጫትና ለአትክልት ማሳ በፓምፕ ሲሳብ፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈርም ሲሞላው በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውኃ መያዙ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው፤ ከተማዋ ግን ያኔ መጠበቅ አልቻለችም። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በረጅም መስመር ውኃ መጣላት።

ሒሳቡ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ይወጣል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ግንባታውን ባንክ ወይም ለጋሽ አንድ ጊዜ ይሸፍነዋል። የመብራቱ፣ የመለዋወጫውና የሠራተኛው ወጪ ግን በየወሩ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከነዋሪው ታሪፍ የሚጠበቅ ነው። ታሪፉ ወጪውን ካልሸፈነ መጀመሪያ የሚዘለለው ጥገናው ነው። ከዚያ ቧንቧው ይደርቃል፤ ድሃዋ እናት በጄሪካን ከሚሸጥ ሰው በብዙ እጥፍ ትገዛለች። «ታሪፍ አይነካ» ማለት ለድሃ መቆርቆር ይመስላል። እኛ ግን አነስተኛ ተጠቃሚው በዝቅተኛ ዋጋ፣ ሆቴሉና ትልቁ ግቢ በእውነተኛው ወጪ ቢከፍሉ ድሃው ይበልጥ ይጠቀማል እንላለን።

ይህን ስንል እኛም ነፃ አይደለንም። በየረመዳኑ ከጅዳም ከዋሽንግተንም ወንድሞችና እህቶች ለወላጆቻቸው ሶደቀቱል ጃሪያ ይሁን ብለው በገጠር ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። አላህ ይቀበላቸው። ሰሌዳው ይተከላል፣ ቪዲዮው ይለቀቃል፤ ዓመት ቆይቶ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ ግን የሚጠራ ሰው የለም። ጃሪያ ማለት የማይቋረጥ፣ የሚፈስ ማለት አልነበረም እንዴ?

የሀሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ያሠራችው የውኃ መስመር ከሺህ ዓመት በላይ ያገለገለው በየዘመኑ የሚያድሰው ስለተገኘ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካደሱት አንዷ የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ነበረች። በኦቶማን ከተሞችም ለውኃ ወቅፍ ሲደረግ የሚከራይ ሱቅ ወይም መሬት አብሮ ይሰጥ ነበር፤ ኪራዩ ለጥገና ይውላል።

ይህን ለማድረግ ዛሬ የሚከለክለን ብዙ ነገር የለም። መጅሊሳችን በ2012 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችም አሉን። የፀሐይ ኃይል ፓምፕ በሙራባሐ መግዛት፣ የአንድ መስጂድ ሱቅ ኪራይን በከፊል ለሠፈሩ ውኃ ማዋል የሚቻል ነው። እስከዚያው ግን ለጉድጓድ የሚያዋጣ ሁሉ ብሩን ከማስገባቱ በፊት አሰባሳቢዎቹን ይጠይቅ፦ የጥገናው ሒሳብ በየትኛው ባንክ፣ በእነማን ፊርማ ተከፍቷል?