የሚጓዝ አፈር

ጽኑ ሰውን ስናመሰግን «እንደ ተራራ የማይነቃነቅ» እንላለን። የመሬትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን በብርዳም ተራራ ተዳፋት ላይ ያለው አፈር ዓይን ሳያየው ቍልቍል እንደሚጓዝ ደርሰውበታል። ይህ ናዳ አይደለም፤ ናዳ በቅጽበት ይወርዳል። ይኸኛው «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀንና በመሰሎቹ ተራሮች ላይ ሰማዩ በጠራ ሌሊት በእርጥቡ አፈር ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ይበቅልና አፈሩን፥ ጠጠሩንም ተሸክሞ ያነሣዋል። መርፌው የሚበቅለው ከተዳፋቱ ፊት ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ነው። ጧት ፀሐይ ሲያቀልጠው ግን አፈሩ ክብደቱ እንደ ሳበው ወደ ታች ይወድቃል። ስለዚህ ከቀድሞው ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያርፋል። በማግስቱም ሌሊት እንዲሁ ይሆናል።

በስካንዲናቪያ አገሮች ብርዱ ብዙ ወራት ስለሚቆይ መሬቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይረጋል። በጸደይ ላይኛው አፈር ሲቀልጥ ታችኛው ገና እንደ ድንጋይ ነውና ውሃው መውረጃ ያጣል፤ አፈሩም እንደ ገንፎ ላልቶ ይፈሳል። የስዊድኑ ሊቅ ዮሐን ጉናር አንደርሰን በ1906 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ይህን «ሶሊፍሉክሽን» ብሎ ሰየመው፤ ከላቲን የተወጣጣ ሲሆን ትርጓሜው «የአፈር ፍሰት» ነው። ጕዞው ብዙ ጊዜ በዓመት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሌላው ስዊድናዊ አንደርስ ራፕ በአገሩ ሰሜን በአንድ ሸለቆ የተዳፋቱን እንቅስቃሴ ከ1952 እስከ 1960 ሲለካ ኖሯል። አንድ ቀን ጐብኝቶ የሚመለስ ሰው ምንም ባላየ ነበር።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ በደጋችን ላይ ነው። ጓሳው ሥሩን ዘርግቶ አፈሩን ይይዛል፤ እንደ ጋቢም ሆኖ ከውርጭ ይሸፍነዋል። ሣሩ ከልክ በላይ ሲጋጥ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። በረዶው በሌሊት ያላላውን አፈር የክረምቱ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ሰው የሚያየው ጐርፉን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ ግን አስቀድሞ በጸጥታ ተጀምሯል። በዚያ ብርድ የሄደውን አፈር የሚተካ አዲስ አፈር እስኪፈጠር እጅግ ረጅም ዘመን ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ እረኛውን መውቀስ ቀላል ነው። ከብቱን ሌላ የሚያሰማራበት የለውምና። ወደ ደጋ አውራጃ የሚላክ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ «ግጦሽ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ከመለጠፉ በፊት፥ ከብቱ ወዴት ይሂድ የሚለውን ከባላገሩ ጋር ተቀምጦ ይምከር። በደጋ የሚኖር ተማሪም ቀለም የተቀባ ድንጋይ በተዳፋቱ ላይ በቀጥታ መሥመር ይደርድር፤ ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ካለ ጽኑ ዓለት ላይ ገመድ ወጥሮ በየዓመቱ ይለካ። ገመዱና ደብተሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃሉ።