ሕፃኑ ሲበላ ማን ይጠግባል?

አራስ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ምክር ሳይሰጥም አይወጣም። አንዷ «አንጀቱ እንዲለሰልስ ቅቤ አስልሱት» ትላለች። ሌላዋ «ወተቷ ገና አልወረደም፤ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ቢጫውን የመጀመሪያ ወተት «ቆሻሻ ነውና ታልቦ ይደፋ» ብላ ትፈርዳለች። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። አራሷም ደክማ የተኛች ናትና፣ ታላላቆቿን ላለማስቀየም ስትል እሺ ትላለች። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምንወያየው አራሷ እሺ ከማለቷ በፊት ልታውቀው ስለሚገባት አንድ ነገር ነው። ይኸውም ለሕፃኑ የምንሰጠው ምግብ ሕፃኑን ብቻ የሚመግብ አለመሆኑ ነው።

ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ከተዋሕስያን ነፃ ነው ለማለት ይቻላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ከእነዚህ መካከል ወዳጆች አሉ፤ ጠላቶችም አሉ። አሰፋፈራቸው ጠፍ መሬት ላይ እንደሚሰፍር ሰው ነው፤ ቀድሞ የደረሰና ስንቅ ያገኘ ቦታውን ይይዛል። ስንቁን የምናቀብለው ደግሞ እኛው ነን።

ነገሩ መመርመር ከጀመረ ቆይቷል። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለው የሕፃናት ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር አንድ ባክቴሪያ ለይቶ ገለጠ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ኢ. ኮላይ ይባላል። አብዛኛው ዓይነቱ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ሕፃንን ለብርቱ ተቅማጥ ይዳርጋል። ከዚያ ወዲህ አንሪ ቲሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጡት የሚጠቡ ሕፃናትን መርምሮ ቢፊዶባክቴሪያ የሚባለውን ወዳጅ ተዋሕስያን አገኘ። ይህ ወዳጅ ጡት በሚጠባ ሕፃን አንጀት ውስጥ ለምን እንደሚበዛ የታወቀው ግን ቀስ በቀስ ነው።

የእናት ወተት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መመገብ ነው። በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት ከ5 እስከ 15 ግራም ያህል ይገኛል። በላም ወተት ውስጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሕፃኑ የማይፈጨው ከሆነ ምን ያደርግለታል? ትሉ ይሆናል። ምግብነቱ ለቢፊዶባክቴሪያ ነው። ቢፊዶባክቴሪያ ይህን ተመግቦ አሲድ ስለሚያወጣ የሕፃኑ አንጀት ኮምጠጥ ይላል፤ በኮምጣጣ ቦታ ደግሞ ብዙዎቹ ጠላቶች አይመቻቸውም። እርጎ ከጥሬ ወተት ይልቅ እንደሚሰነብት የምታውቅ እናት ይህን ለመረዳት አያዳግታትም።

ሁለተኛው ሥራ መከልከል ነው። ኢ. ኮላይንና ሳልሞኔላን የመሳሰሉት ጀርሞች ለመባዛት ብረት የተባለውን ንጥረ ምግብ አጥብቀው ይፈልጋሉ። በእናት ወተት ውስጥ ላክቶፌሪን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ እርሱም ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ጀርሞቹ ስንቅ ያጣሉ። ይህ ፕሮቲን እጅግ የሚበዛው «ይደፋ» በተባለው ቢጫ ወተት፣ በእንገሩ ውስጥ ነው። እንገሩን መድፋት የቤቱን ዘበኛ ማሰናበት ነው።

እንግዲህ ብረት የጀርም ስንቅ ከሆነ ለልጆቻችን ብረት አንስጥ ማለት ነውን? አይደለም። ብረት የጎደለው ልጅ ደሙ ያንሳል፤ ይፈዝዛል፤ የአእምሮ እድገቱም ይጎዳል። ችግሩ የሚመጣው በአፍ የተሰጠው ብረት ሳይመጠጥ ሲቀር ነው። ወደ ደም ያልገባው ትርፍ ወደ ታች ወርዶ በትልቁ አንጀት ውስጥ ለሚጠባበቁት ጀርሞች ግብዣ ይሆናል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ 6 ወር ለሞላቸው ሕፃናት ብረት ያለበት ዱቄት በበቆሎ ገንፎ ላይ እየተነሰነሰ ለ4 ወር ተሰጥቷቸው ነበር። በ2015 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ብረቱን ባገኙት ሕፃናት ላይ በሽታ አምጪ የሆኑት የኢ. ኮላይ ዓይነቶች በዝተው፣ አንጀታቸውም ተቆጥቶ ተገኝቷል። በዚያው አገር ተደርጎ በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ወዳጅ ባክቴሪያዎችን የሚመግብ ስኳር ከብረቱ ጋር ሲጨመር ይህ ጉዳት በአብዛኛው ተገትቷል። ስለዚህ ወዳጆቹ ቀድመው ቦታቸውን ይያዙ፤ ብረቱም ለልጁ ይድረስ።

ታዲያ በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እንገሩንም ይጥባ። ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር፣ እስከ 6 ወር ድረስ ውሃም ቢሆን አይቅመስ።

ሁለተኛ፣ እትብቱን ለመቁረጥ አይቸኮል። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢቆይ ከእንግዴ ልጁ የሚሻገረው ደም ለሕፃኑ የብረት ስንቅ ይሆነዋል። ይህ ብረት በአንጀት በኩል ስለማያልፍ ጀርም አይሻማውም። ስለዚህ ጉዳይ አዋላጇን አስቀድማችሁ አነጋግሯት።

ሦስተኛ፣ ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመር። በደንብ በስሎ የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት ሲገኝ፣ ብረቱ ከእህል ብረት ይልቅ በቀላሉ ይመጠጣል። ሥጋ ባይገኝም የገንፎውን ዱቄት አስቀድሞ ማቡካት፣ ከምግቡም ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም መስጠት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ለሕፃን አይሰጡም።

አራተኛ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ገንፎው በየጊዜው ትኩስ ይሠራ፤ ያደረው ለሕፃን አይቅረብ። ለማጽዳት ከሚያስቸግረው ጡጦ ይልቅ ኩባያና ማንኪያ ይመረጣል።

አምስተኛ፣ የብረት ሽሮፕ ከጎረቤት ተውሶ፣ መጠኑን ገምቶ መስጠት አይገባም። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ቀደም ብሎ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ወባ ባለበት አካባቢም ከወባ መከላከያ ጋር እንጂ ለብቻው አይሰጥም። ጤና ጣቢያው ያዘዘላችሁን ግን ይህን አንብባችሁ በመፍራት እንዳታቋርጡ። ጥያቄ ካላችሁ እዚያው ጠይቁ።

እንግዲህ አራስ ለመጠየቅ ስትሄዱ አጥሚቱንም ቅቤውንም ይዛችሁ ሂዱ። አራሷም ምክሩ ሲበዛባት ማንንም ሳታስቀይም የምትመልሰው መልስ አላት፤ «እማማ፣ ለእርሱ ጡቴ ይበቃዋል፤ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ» ትበል።