ያልተሠራ መንግሥት አትግዙላቸው

የዕድሜ እኩዮቼ፣ በአንድ ዕድር የምንቀባበር፣ ከቅዳሴ በኋላ ጣና ዳር ጥላ ፈልገን አብረን የምንቀመጥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልጆቻችን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አትለፉት። የልጅ ልጅ መጥቶ «አሜሪካ ላለው አጎቴ ደውልልኝ፣ አንድ ነገር ይግዛልኝ» ሲል ስልኩን የምናነሣው እኛ ነን። የሚከፈለው ደግሞ አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ሌሊት ሠርተው ያገኙት ዶላር ነው። የምናስገዛውን ነገር ማወቅ አለብን።

ጨዋታው ክሩሴደር ኪንግስ ይባላል። የሚያሳትመው ፓራዶክስ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሦስተኛው በ2020 ወጣ። ተኩስና ሩጫ የለበትም። ተጫዋቹ የመካከለኛው ዘመን ባላባት ወይም ንጉሥ ይሆናል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጁን ይድራል፣ ይዘምታል፣ አርጅቶ ይሞታል፤ ከዚያ በወራሹ ይቀጥላል። ሀገራችንም ካርታው ላይ አለች። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ867 ሲጀምር፣ ስሜን ላይ በቤተ እስራኤል ትውፊት የሚነገረው የጌዴዎን ቤት ተቀምጦ ይገኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ይህን አይተው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ጌዴዎን በእርግጥ ነበረ ወይ፣ ዘመኑን የሚመሰክር ጽሑፍ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪ ፈተና ሳይኖርበት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ «ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ አይቻለኝም።

ልጆቹ ግን ተቆጥተዋል። ቁጣቸውን በጥሞና አዳመጥሁት፤ እውነት አላቸው።

ዋናው ጨዋታ ተገዝቶ አያልቅም። ዋናውን ከገዙ በኋላ ማስፋፊያ፣ እነሱ ዲኤልሲ የሚሉት፣ በየጊዜው ይወጣል፤ እያንዳንዱም ዋጋ አለው። ለሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ከደርዘን በላይ ትልልቅ ማስፋፊያዎች ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ያ ሁሉ አብሮ አልመጣም። የቁስጥንጥንያ ነገሥታት ማስፋፊያ በ2012 ተሽጦ ነበር፤ ሮድስ ቱ ፓወር በሚል ስም በ2024 እንደገና ተሸጠ። የፈረሰኞቹ ዘላኖች ማስፋፊያ በ2015 ተሽጦ ነበር፤ በ2025 እንደገና ተሸጠ። በእርግጥ አዲሶቹ በይዘት ይሰፋሉ፤ ልጆቹም ይህን አይክዱም። የሚያንገበግባቸው አንዴ የከፈሉበትን ዓለም ደግመው እየከፈሉ ማስመለሳቸው ነው። ሞፈሩን ዛሬ ሸጦ ማረሻውን በዓመቱ፣ ቀንበሩን በሁለት ዓመቱ የሚያመጣ ነጋዴ ገበያችን ላይ ቢገኝ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይዳኘው ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ያልወጣውን መሸጥ ነው። ኩባንያው የዓመቱን ማስፋፊያዎች «ምዕራፍ» ብሎ በአንድ ላይ ይሸጣል፤ ገዢው ገና ላልተሠራው አስቀድሞ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. የ2024ን ምዕራፍ አስቀድመው የገዙ ሰዎች መጀመሪያ የደረሳቸው ትልቅ ማስፋፊያ ሌጀንድስ ኦፍ ዘ ዴድ ነበር፤ ስለ ወረርሽኝና ስለ ጀግኖች አፈ ታሪክ የተሠራ ነው። ብዙዎች ጥልቀት የለውም ብለው አዘኑበት። በዚያው ዓመት የወጣው ሮድስ ቱ ፓወር ተወደደ። ነገር ግን በኋላ የመጣው መልካም ነገር በፊት በጭፍን የተከፈለውን ትክክል አያደርገውም። የዚሁ ኩባንያ ሌላ ጨዋታ፣ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4፣ በ2021 ሌቫያታን የተባለ ማስፋፊያ አውጥቶ ነበር። በስሕተት የተሞላ ሆኖ ስለተገኘ ስቲም በተባለው የጨዋታ ገበያ እጅግ ዝቅተኛ ግምት ከተሰጣቸው ምርቶች አንዱ ሆነ፤ የሥራው ኃላፊ ዮሃን አንደርሾን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው መልካም ነው። ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ገብቷል።

በእኛ ከተማ ይህ ሁሉ እጥፍ ይከብዳል። ሮያል ኮርት የተባለው ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በ30 ዶላር ሲወጣ ዶላር በባንክ 50 ብር ገደማ ነበር፤ 1,500 ብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ስቶክሆልም ውስጥ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመር ያው ዕቃ ባሕር ዳር ውስጥ ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። ኢንተርኔቱም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲስ ማስፋፊያ ሲወጣ ያልገዛውም ሰው ጨዋታው በራሱ ይታደሳል፤ ከታደሰ በኋላ ሴቭ የሚሉት፣ ተጫውቶ ያቆየው የድሮ ጨዋታ፣ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፣ ቢከፈትም ይበላሻል። ለወራት አያት፣ አባት፣ ልጅ እያለ የገነባውን ሥርወ መንግሥት መስመር በተለቀቀ ቀን ያጣ ወጣት ሲያዝን አትሳቁበት። ወደ ቀድሞው እትም መመለስ እንደሚቻል ንገሩት፤ ስቲም ላይ የቆየ እትም መምረጫ አለ።

እኔን ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ለስካንዲናቪያ፣ ለስፔን፣ ለፋርስ፣ ለሞንጎሎች ለየብቻቸው ማስፋፊያ ወጣ፤ በ2025 መጨረሻ ቻይናና ጃፓን ተጨመሩ። ለኢትዮጵያ አልወጣም። ሮድስ ቱ ፓወር ጨዋታውን እ.ኤ.አ. ከ1178 የመጀመር ምርጫ አመጣ። በተለመደው አቆጣጠር ላሊበላ ሊነግሥ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ማለት ነው! ማስፋፊያው ግን ስለ ቁስጥንጥንያ ሹመትና ስለ መሬት አልባ ጀብደኞች ነበር። ዛጉዌን የሚያህል ዘመን በሩ ተከፍቶለት ቤቱ ባዶ ቀረ። አይቻልም እንዳትሉ፤ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 እ.ኤ.አ. በ2021 ኦሪጅንስ በተባለ ማስፋፊያ ለአፍሪካ ነገሥታት፣ ለእኛም ጭምር ድርሻ ሰጥቷል። ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1444 ሲጀምር ኢትዮጵያን የሚገዛው ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ አጽሙ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ከዚህ በጀልባ የሚደረስበት ደሴት ላይ እንዳረፈ ገዳሙ የሚያሳየው ንጉሥ።

ለሠሪዎቹም ሚዛናዊ ፍርድ ይገባቸዋል። 2012 ላይ የወጣ ጨዋታ ለዓመታት የኖረው በማስፋፊያ ገንዘብ ነው፤ ሠራተኛው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ከሚሸጠው ጋር በነጻ የሚታደለውም አለ። ቢጮኹባቸውም የሚሰሙበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንዳንድ ሀገሮች ዋጋ ጨምረው ተጫዋቹ ሲቆጣ ጭማሪውን መልሰዋል። ስለዚህ የልጆቹ ቁጣ ከንቱ አይደለም።

ከንቱ የሚያደርገው የእኛ ንቀት ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያልን ስንስቅባቸው ከሻጩ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ስለ ስሜን፣ ስለ ዛጉዌ፣ ስለ ዐምደ ጽዮን የሚያውቁትም ሻጩ የጻፈላቸው ብቻ ይሆናል። ትውፊት የነበረው ካርታ ላይ ሲቀመጥ የተረጋገጠ ይመስላል፤ ይህን የሚለይላቸው አንድ ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ከእኛ መካከል የታሪክ መምህራን የነበራችሁ፣ ግእዝ የተማራችሁ፣ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ። ወንዶቹን ልጆች ወደ ደጋ ውሰዷቸው። ሴቶች እዚያ ስለማይገቡ ሴት ልጆቻችሁን ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰዷቸው፤ ሥዕሉንም እያሳያችሁ አስረዷቸው። ጥያቄያቸው ሳይበርድ አሁኑኑ አድርጉት።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ የምላችሁ ይህ ነው። በቅናሽ የሚሸጥበት ጊዜ ይመጣልና ልጁ ይታገሥ። ከተገዛ በኋላ ካልተስማማው፣ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይጫወት ከሆነ ስቲም ገንዘቡን ይመልሳል፤ ቶሎ ይጠይቅ። ወደ አሜሪካ ከመደወላችሁ በፊትም ዕቃው ወጥቷል ወይስ ገና ሊወጣ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ገና ከሆነ አትደውሉ።