ሁለት ተመሳሳይ ትራክተሮች የቀረቡለት ገበሬ ሊመረምረው የሚገባው ነገር

በአርሂባ የሚኖሩ የወደብ ሠራተኞች እንደሚያውቁት፣ በጂቡቲ ወደብ ከመርከብ የሚራገፉት ትንንሽ የእርሻ ትራክተሮች ከቀለማቸው በቀር እምብዛም የሚለያዩ አይመስሉም። የሠላሳ ፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ትራክተሮች ጎን ለጎን የቆሙ እንደሆነ፣ ገዢው ዋጋው የቀነሰውን ወይም መልኩ ያማረውን ይመርጣል። እንዲህ ያለው አመራረጥ ግን ገበሬውን ለዕዳ የሚዳርግ ስለሆነ፣ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ትራክተሮቹ እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተር ጋር የሚያያይዝና በዘይት ግፊት የሚያነሣ መሣሪያ ፈልስፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በፋብሪካ በተሠራ ትራክተር ላይ ለገበያ አቀረበው። ይህ አሠራር ከጊዜ በኋላ የዓለም ደንብ ስለሆነ፣ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ማረሻ በሌላው ትራክተር ላይ ሊገጠም ይችላል። እንግዲህ ልዩነቱ የሚገኘው ለዓይን በማይታየው ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መሬቱን መመልከት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ ይጣበቃል። በዚህ አፈር ላይ ክብደቱ ያነሰ ትራክተር ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ክብደቱንና የጎማውን ስፋት፣ አራቱም እግሮቹ የሚጎትቱ መሆናቸውንም መጠየቅ ይገባል። በጂቡቲ ከተማ አጠገብ በአምቡሊ ባሉት የአትክልት ቦታዎች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በዚያ ዝናሙ ጥቂት ነውና ከማረስ ይልቅ ውኃ መሳብ ይበልጣል፤ በተምር ዛፎች መካከል የሚያልፍ ጠባብና አጭር መኪና ይፈለጋል። ፓምፕ የሚያዞረው ከኋላ ያለው ዘንግ ስለሆነ፣ በሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሳይሆን ወደ ዘንጉ የሚደርሰው ጉልበት ይጠየቅ፤ ይህ ሁልጊዜ ከሞተሩ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። ርካሹን የሚመርጡ ሰዎች፣ «ገንዘባችን ጥቂት ነው» ይላሉ፤ ቃላቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ነው ሥራ የፈታ መኪና ለማቆም አቅም የሌለው። በሐምሌ ወር አንዲት የነዳጅ ማጣሪያ ከባሕር ማዶ እስክትመጣ ድረስ የሚቆም ትራክተር የዓመቱን ምርት ያስቀራል፤ ክረምት መርከብ አይጠብቅምና። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ ትራክተሮች መካከል ባለሙያውና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘው፣ ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ፣ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው የመሬቱ መጠን ነው። አንድ ሄክታር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት ላለው ብዙው የኢትዮጵያ ገበሬ፣ ብቻውን ትራክተር መግዛት ትርፍ አያመጣለትም። ጎረቤታሞች ተባብረው ቢገዙ፣ ወይም ገዢው ለሌሎች እያረሰ ኪራይ ቢቀበል ዕዳው ይቃለላል።

ባለሥልጣኖችም ያለፈውን ሊያስታውሱ ይገባል። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ራሳቸው ማረስ ስለጀመሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬት ተነቅለዋል። መኪና በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ ጥቅሙ የሚታወቀው ለማን እንደሚያርስ ሲታይ ነው። እንግዲህ የእርሻ መኪና ያለ ቀረጥ እንዲገባ መፍቀድ መልካም ሲሆን፣ አስመጪው መለዋወጫና ባለሙያ እንዲያዘጋጅ፣ ለትንንሾቹም ገበሬዎች የማረስ አገልግሎት እንዲደርስ ማድረግ ከዚህ የበለጠ ሥራ ነው።